ቢሻለውም እንዳትቀሩ

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን በዚህ አፌ "ዕረፍ" ብዬ የገዛ ወንድሜን የቀበርኩ ሰው ነኝና አልዋሽም።

ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ታላቅ ወንድሜ አናጺ ነበር። ጓሮ ጣውላ ሲልግ ንብ አንገቱን ነደፈችው።

ዐምናም ተነድፎ ለትንሽ ነው የተረፈው። ከዚያ ወዲህ የአለርጂ መርፌ ከቤታችን አይጠፋም። ጎረቤታችን ነርሷ አጠቃቀሙን ስታሳየን፣ "መርፌው ሐኪም ቤት እስክትደርሱ ነው። ቢሻለውም እንዳትቀሩ፤ ተመልሶ ይነሳበታል" ብላ ነበር።

አንገቱና ፊቱ ሲያብጥ መርፌውን አምጥቼ ጭኑ ላይ ወጋሁት።

ብዙም ሳይቆይ እብጠቱ ጎደለ። ሳቀ እንኳ!

"በል ተነሥ፣ እንሂድ።"

"ሚጢጢ፣ ሙቺ ስልሽ ተሻለኝ! ለአንዲት ንብ ሐኪም ቤት? ሰው ይስቅብናል። ትንሽ ጋደም ልበል።"

እኔ ሞኟ፣ "እሺ፣ ዕረፍ" አልኩት።

ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው... ከበሩ ሥር የሚቧጭር ነገር ሰማሁ።

ጭር... ጭር...

"ወንድምዬ? ምንድነው?"

"ጫማዬን እያወለቅኩ ነው።"

የእንጨት ብናኝ ያጎረነነው ድምፁ ጥርት ብሏል። መርፌው ነው ብዬ ደስ አለኝ።

"ልግባ?"

"ተይ... እህቴ። ልተኛ።"

እህቴ?

ከተወለድኩ ጀምሮ ከሚጢጢ ሌላ ጠርቶኝ አያውቅም።

የበሩን እጀታ ያዝኩ። ግን ድምፁ የሱ ነው... እጄን ከበሩ እጀታ ላይ አነሳሁ። ይህችን እጅ ዛሬም እረግማታለሁ።

ጭርጭርታው ቆመ።

አሥር ሰዓት ላይ በሩን ብገፋው እንቢ አለኝ። ጮኼ ጎረቤት ጠራሁ። ተረባርበው ሲከፍቱት ወንድሜ ከበሩ ኋላ ወድቋል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ሰውነቱ ቀዝቅዟል።

ነርሷ አንገቱን ዳሰሰችው።

"ጉሮሮው ካበጠ ቆይቷል" አለች በሹክሹክታ። "ድምፅ ማውጣት አይችልም ነበር።"

"አናግሮኛል እኮ!"

አቀፈችኝ። አንጀቴ እርር እስኪል አለቀስኩ።

አስከሬኑን አልጋው ላይ አስተኝተን በሩን ከውስጥ ስንዘጋው... የበሩ ውስጠኛ ጎን ታየ።

ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ በአናጺ እርሳስ፣ በተንጋደደ ፊደል፦

"ሚጢጢ ክፈቺልኝ። የሚመልስልሽ እኔ አይደለሁም።"