ያልተነበቡት ሥዕሎች

ጓደኞቿ ሬዲዮ የሚሏት ተማሪ ደረጃውን እየዘለለች ወርዳ መታጠፊያው ላይ ስትደርስ የገዛ ድምፅዋን ሰማችና ክው ብላ ቀረች።

«በሥዕል ሦስት እንደምናየው፣ ደም በዚህ በኩል ገብቶ በዚያ በኩል ይወጣል» ይላል ድምፁ፣ ጥድፊያ በጥድፊያ ሆኖ። ከዚያ ጸጥ። ደግሞ ከመጀመሪያው፦ «በሥዕል ሦስት እንደምናየው...»

ታች፣ የመጨረሻው ደረጃ ላይ፣ ዳኛዋ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ተቀምጣለች። ዳኛዋ የሚሏት ተከራክራ የማትረታ ልጅ ስለሆነች ነው። ዓይኖቿ ከተወለደች ጀምሮ አያዩም፤ የምታጠናው በጆሮዋ ነው። ሬዲዮ የጫማዋ ኮቴ እንዳይሰማ በእግሯ ጣቶች ቆማ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ በመጣችበት ተመለሰች።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ነበረች። አፏ ለአፍታ የማያርፈው፣ መምህሩ ሳይቀር «እባክሽ ድምፅሽን ቀንሺው» እያለ የሚለምናት ልጅ፣ ዳኛዋ ባለችበት ሁሉ ዱዳ ሆነች። ጓደኞቿ «ምነው፣ ባትሪሽ አለቀ?» እያሉ ቀለዱባት። ለእሷ ግን ሳቅ አልመጣላትም። ዳኛዋ አንድ ጊዜ የሰማችውን ድምፅ አትረሳም፤ ሬዲዮ አንዲት ቃል ከተነፈሰች አለቀላት።

ነገሩ የጀመረው በምስክር ወረቀት ነው። ትምህርት ቤቱ በበጎ ፈቃድ አንድ መጽሐፍ አንብቦ ለማያዩ ተማሪዎች ለቀዳ ልጅ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። መቅጃዋ ክፍል ድሮ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ነበረች፤ የውጭ ጫጫታ እንዳይገባ ግድግዳዋ በአሮጌ ብርድ ልብስ ተሸፍኗል። በሯ ላይ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ በእጃቸው የጻፉት አንድ ሕግ አለ፦ «ሥዕል አይዘለልም።» ምኑ ከምኑ በላይ እንዳለ፣ ቀስቱ ወዴት እንደሚያመለክት፣ ሁሉም በቃል ይነገራል።

አንድ ሥዕል በቃል ማስረዳት ታዲያ ሁለት ገጽ ከማንበብ ይብሳል። በመጨረሻው ቀን ጓደኞቿ ውጭ ቆመው በሩን ያንኳኩ ነበር። ሬዲዮ የባዮሎጂ መጽሐፉን የኩላሊት ምዕራፍ በአንድ ትንፋሽ ለቀቀችው። አስራ አንድ ሥዕል ዘለለች። ማን ልብ ይለዋል ብላ ነው። ኃላፊዋ የተቀዳውን ሁሉ ቁጭ ብለው የሚያዳምጡበት ጊዜ የላቸውም፤ ልጆቹን ያምናሉ።

አባቷ ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ሳሎን ሰቀለው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «የልጄን ሥራ አያችሁልኝ?» ይላል። ሬዲዮ እራት ላይ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ መቀመጥ ጀመረች። ያም ሆኖ ወረቀቱ ከኋላዋ የሚያያት ይመስላታል።

ያን ቀን ከደረጃው ሸሽታ ቤተ መጻሕፍት ገባች። ብዙም ሳይቆይ የዳኛዋ ዘንግ ወለሉን እየነካ መጣ። ሬዲዮ መደርደሪያ ኋላ ተሸጎጠች።

«እትዬ» አለች ዳኛዋ ለኃላፊዋ፣ «የኩላሊቱን ምዕራፍ አርባ ጊዜ መለስኩት። ሥዕሉ ጋ ስደርስ ያመልጠኛል። እንቅልፍ ሸለብ እያደረገኝ ነው ብዬ ቆሜ ሰማሁት። አሁንም አመለጠኝ።» ዘንጓን በሁለት እጇ ጨበጠች። «ጆሮዬ እየደከመ ይሆን? እሱም ከሄደ ምን ይቀረኛል?»

«ደክሞሽ ነው ልጄ። ፈተናው ሰኞ ነው፤ ዛሬ እረፊ» አሏት።

ዳኛዋ ስትወጣ ሬዲዮ ከተሸጎጠችበት ወጣች። እየተጎተተች ወደ ኃላፊዋ ሄዳ ሁሉንም ተናዘዘች። ኃላፊዋ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

«ማንም ሳያውቅ እንደገና ላንብበው?» አለች።

«ይቻላል። የድሮውን አጥፍቼ በአዲሱ እተካዋለሁ። ወረቀትሽም ከግድግዳው አይወርድም።» ትንሽ አሰቡና ማዳመጫቸውን ዘረጉላት። «እስቲ ይህችን ስሚ።»

ያረጀች ሴት ድምፅ ነበር፣ ኬሚስትሪ የምታነብ። በየመሀሉ ትስላለች። ድንገት ንባቡን አቆመችና፣ «ይቅርታ ልጄ፣ ቅድም ሥዕሉ ላይ ግራና ቀኙን አዛብቼብሻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ተመልሼ ላንብብልሽ» አለች።

«ማን ናት?»

«ጡረታ የወጣች ነርስ ነበረች። ይህን አንብባ በወሩ አረፈች።»

ሬዲዮ ማዳመጫውን ወደ ጆሮዋ ጫን አደረገችው። ሴትዮዋ ግን ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ከጆሮዋ ሥር ትስላለች፣ ገጽ ትገልጣለች።

«ለምን ነበር የምታነበው? ወረቀት ለእሷ ምን ያደርግላታል?»

«አንዴ ጠይቄያታለሁ። ‹እቤት ብቻዬን ሳነብ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ እዚህ ግን የሚጠብቀኝ ሰው ያለ ይመስለኛል› አለችኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረችም።»

ሬዲዮ ማዳመጫውን አውልቃ አስቀመጠች። ቅጂው በስውር ቢተካ ዳኛዋ ሥዕሎቹን ታገኝ ይሆናል፤ ጆሮዋን ግን ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠረጥረው ትኖራለች። የባዮሎጂ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አውርዳ ወጣች።

ዳኛዋ እዚያው ደረጃ ላይ ተመልሳ ነበር። ሬዲዮ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ጆሮሽ ምንም አልሆነም» አለች።

የዳኛዋ ጣት ስልኩ ላይ ቆመ። ፊቷን ቀስ ብላ አዞረች።

«አንቺ ነሽ» አለች።

«እኔ ነኝ። አስራ አንድ ሥዕል ዘልዬብሻለሁ። ያመለጠሽ ነገር የለም፣ መጀመሪያውኑ አላነበብኩትም።»

ዳኛዋ «ምንም አይደል» አላለችም። ሬዲዮም አልጠበቀችም።

«ስንት ቀን ራሴን ስጠራጠር ዝም አልሽ?»

«ሦስት ሳምንት። ፈርቼ።»

ዳኛዋ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ሬዲዮ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ገልጣ ማንበብ ልትጀምር ስትል፣ «ቆይ» ብላ አስቆመቻትና የስልኳን መቅጃ ከፈተች። «የሚቀጥለው ዓመት ልጅም እንዳይቸገር። መጀመሪያ የዘለልሽው አንቺ መሆንሽን ተናገሪ።»

ሬዲዮ ተናገረች። ስሟን ከነአባቷ ስም ጠርታ ተናገረች። ከዚያ ጣቷን ሥዕሉ ላይ አኖረች።

«ሥዕል አንድ። ባቄላ የሚመስል ነገር አለ፣ ጎድጓዳው ጎኑ ወደ ግራ ዞሯል...»

«ቀስ በይ» አለች ዳኛዋ።

ሬዲዮ ቀስ አለች።