ጭጋግ ፈቃድ ትጠይቃለች

ሚጢጢ ጥያቄውን ደግማ አነበበችው። ኮምፒውተሩ በራሱ የሚጽፈው የተለመደ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ጭጋግ ወደ ‹የብቻ ክፍል› ለመግባት ፈቃድ ትጠይቃለች።» ከስሙ አጠገብ አረንጓዴዋ ነጥብ በርታለች። ጭጋግ አሁን መስመር ላይ ናት ማለት ነው።

በዚህ ስም ትጽፍ የነበረችው የክፍል ጓደኛዋ ግን በሕይወት የለችም። ባለፈው የእረፍት ወራት በድንገተኛ ሕመም ስትሞት የክፍሏ ልጆች በሙሉ ቀብሯ ላይ ነበሩ። ሚጢጢም ቆማ አልቅሳለች።

የኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ የቀሩት እሷና ራዲዮ ብቻ ነበሩ። ራዲዮ አፉ ስለማይዘጋ የወጣለት ስም ነው፤ የእሷን ደግሞ ቁመቷ አመጣባት። የተማሪዎቹን የውይይት መድረክ የሚንከባከቡት ሁለቱ ናቸው። ራዲዮ አስተባባሪ ስለሆነ ስድብ ያጠፋል፣ ጠብ ያበርዳል። ሚጢጢ ግን አስተዳዳሪ ናት፤ የትኛው ቡድን የትኛውን ክፍል ማንበብ ወይም መጻፍ እንደሚችል፣ ኮምፒውተሩ ላይ በሚታዩት ትንንሽ ሳጥኖች ምልክት እያደረገች የምትወስነው እሷ ናት። የኮምፒውተር መምህሩ ኃላፊነቱን ሲሰጧት፣ የሰው በር እንደ መጠበቅ ቁጠሪው ብለዋት ነበር።

«የብቻ ክፍል» ተማሪዎች በመድረክ ስማቸው ተከልለው የሆዳቸውን የሚያወጡበት ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ተዘጋ፤ አሁን ከአስተዳዳሪዋ በቀር ማንም ገብቶ አያነበውም።

ራዲዮ ጥያቄውን ጠጋ ብሎ አየው። አካውንቱን አሁኑኑ እንድታግደው ነገራት። ሰው ሰርቆት ነው አለ፤ ወዲያው ደግሞ፣ ሰው ባይሆንስ አለ። የሸሚዙን ቁልፍ ይነካካ ጀመር። የፈራው መንፈስ ብቻ እንዳልሆነ ሚጢጢ ገባት። እዚያ ክፍል ውስጥ እሱም የጻፈው ነገር አለ።

እጇን ወደ «አግድ» ስትሰድ አዲስ መልእክት ብቅ አለ።

«ክፈቱልኝ። እዚያ ውስጥ አለች።»

ኮሪደሩ ጭር ብሏል። ራዲዮ ቦርሳውን አንስቶ በሩ ጋ ደርሷል። ሚጢጢ ግን አንዲት ቃል ላይ ዓይኗ ቀረ። «አለች» ይላል፤ «አለሁ» አይልም። የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው።

«እነ ጭጋግ ቤት ልሄድ ነው» አለችው።

«አብደሻል እንዴ? እኔ የለሁበትም።»

ብቻዋን ሄደች። የጭጋግ እናት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ድሮ የስፌት መኪናቸው ድምፅ ገና ከመንገድ ይሰማ ነበር። ዛሬ አይሰማም። በሩ ገርበብ ብሏል። አንኳኳች፤ መልስ የለም። ገፋ ስታደርገው የተሰቀሉት ያላለቁ ቀሚሶች በነፋሱ ተወዛወዙ፤ አንዱ እጅጌ የለው፣ ሌላው አንገት የለው። በመካከላቸው፣ ወለሉ ላይ፣ በስልክ ብርሃን ሰማያዊ የመሰለ ፊት አየች። ያው የጭጋግ ግንባር፤ ከንፈር አነካከሱም ያው የእሷ። ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ማነው?» አሉ እናትየው።

የመጣችበትን ስትነግራቸው አልተቆጡም። የልጃቸውን ስልክ ሲነካኩ መድረኩን እንዳገኙት፣ እዚያም ስሟን ካንድ የተዘጋ ክፍል ጋር እንዳዩት አጫወቷት። ስትጽፍ ያዩዋት ነበር፤ ምን እንደምትጽፍ ግን ጠይቀዋት አያውቁም። አሁን ድምፅዋ ከጆሯቸው እየጠፋ ነው።

ሚጢጢ የሌሎች ልጆች ምስጢርም ስላለበት ክፍሉን እንደማትከፍተው ነገረቻቸው። እናትየው አንገታቸውን ደፉ። የሌላ ሰው ልጅ ጉድ ምን ያደርግልኛል፣ የምፈልገው የኔን ብቻ ነው አሉ።

ሚጢጢ አንድ ጽሑፍ ትዝ አላት። ጭጋግ፣ እናቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ሰምታኝ አታውቅም ብላ የጻፈችው ነው። ልትደብቀው ትችላለች፤ ማንም አያውቅባትም።

«እትዬ፣ የራሷን ብቻ ለይቼ ላወጣልዎ እችላለሁ። ግን ስለ እርስዎ በምሬት የጻፈችውም አለ። እሱን ልተወው?»

እናትየው ወደ ስፌት መኪናው ዞሩ።

«ብትቆጣኝም ያው የሷ ድምፅ ነው» አሉ። «አትምረጪልኝ፣ ልጄ።»

በማግስቱ ከትምህርት በኋላ ሚጢጢ አዲስ ክፍልና አዲስ ቡድን ፈጠረች። የቡድኑ አባል አንድ ብቻ ነው፦ እናትየው የያዙት የጭጋግ አካውንት። የሌሎቹን ልጆች ጽሑፍ ባለበት ትታ የጭጋግን ብቻ አንድ በአንድ አሻገረች፤ መራራውንም ጭምር። ለቡድኑ «ማንበብ» የሚለው ላይ ምልክት ስታደርግ ራዲዮ ከኋላዋ ቆሞ ነበር።

«የኔስ?» አላት ቀስ ብሎ።

«የትም አልሄደም። እሳቸው አያዩትም።»

«አንቺስ?»

ጽሑፎቹን ስትለይ ዓይኗ ያላረፈበት አልነበረም። የእሱንም አይታለች፤ እሱም ማየቷን አውቋል።

የአስተዳዳሪዋን ቡድን ከፈተችና ሁለቱንም ክፍሎች ለማንበብ የሚያስችላትን የራሷን ምልክት አጠፋች።

«ነገ መልሰሽ ልትከፍቺው ትችያለሽ እኮ» አላት።

«እችላለሁ» አለች፤ «አስቀምጥ» የሚለውንም ተጫነች። የሁለቱ ክፍሎች ጽሑፎች ከፊቷ ጠፉ።