የእትዬ መይሙና መልስ

«መይሙና ይማም፤ ሽንኩርት ቸርቻሪ። ፍላጎታቸው የልብስ ስፌት ሥልጠና» ብለው አነበቡ የወረዳዋ ባለሙያ ወይዘሮ በላይነሽ።

የቆቦ ጉልት ነጋዴዎች በአዳራሹ ተሰብስበዋል። አንዷ ሳቀች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። የእትዬ መይሙናን ግራ ዓይን ሞራ እንደጋረደው፣ ቀኙም እንደደከመ በገበያው የማያውቅ የለም። ሽንኩርት እንኳ የሚመርጡት በእጃቸው እየዳሰሱ ነው።

«እኔ ነኝ ስፌት ያልሁት?» አሉ እትዬ መይሙና። «ያ አላህ! ክሩንስ ማን ሊያስገባልኝ ነው?»

ከኋላ የተቀመጠችው ራዊያ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች ነበር። መልሱን የጻፈችው እሷ ናት። ባለፈው ሳምንት ወይዘሮ በላይነሽ ጽሕፈታቸው የሚነበብ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን መርጠው፣ «የጉልት ሴቶቹን አንድ በአንድ ጠይቁ፤ የድጋፉ በጀት የሚውለው እነሱ በሚሉት ላይ ነው» ብለው ቅጽ አደሏቸው። ለራዊያ አሥራ ሁለት ደረሳት። የቀትሩ ፀሐይ አናት ይበሳል። እሷና ጓደኛዋ ሱዓድ ጁስ ቤት ገብተው ስሞቹን ከነጋዴዎቹ መዝገብ እየገለበጡ ቅጹን ሞሉት።

«ምን ልበል?» ብላ ነበር ራዊያ።

«አቦ አታካብጂ፤ ስፌት በያቸው» አለቻት ሱዓድ። ራዊያም አሥራ ሁለቱንም ስፌት አለቻቸው።

«ብዙዎቻችሁ ስፌት ስላላችሁ የስፌት መኪናዎቹ ግዢ ዛሬ ይወሰናል» አሉ ወይዘሮ በላይነሽ።

«እኛስ ጥላ ነበር የምንፈልገው» አለች አንዲት ሴት። «ሽንኩርቱም ቲማቲሙም በፀሐይ አለቀብን። ግን ማን ጠየቀን?»

«እንዴት አልተጠየቃችሁም? ይኸው ስማችሁ» አሉ ባለሙያዋ ወረቀቱን ከፍ አድርገው።

«ተይ እህቴ፣ ልጆቹን አታስወቅሻቸው» አሉ እትዬ መይሙና ወደ ሴትዮዋ ዞረው ሻሻቸውን እየሳቡ። «ጠይቀውኝ ይሆናል። እርጅና ነው፤ ረስቼው ነው።»

ይሄኛው ከሳቁ ሁሉ ባሰ። ራዊያ ፊቷ ነደደ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእስክሪብቶ ወለምታስ በምን ይታሻል? ቢታወቅባት ነገ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ይሰማል። ዝም ብትል ደግሞ እኚህ ሴት የራሳቸውን ጭንቅላት እየተጠራጠሩ ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ነው።

አጠገቧ የተቀመጠችው ሱዓድ ክንዷን ያዘቻት። «አርፈሽ ተቀመጪ» አለቻት በሹክሹክታ። ራዊያ ግን እጇን አስለቅቃ ተነሣች።

«እትዬ መይሙና አልረሱም» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «እኔ ነኝ ያልጠየቅኋቸው። አሥራ ሁለቱንም አልጠየቅሁም።»

አሁን የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ቢስቁ ይሻላት ነበር። ወይዘሮ በላይነሽ ከቦርሳቸው ባዶ ቅጾች አውጥተው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጡላት።

ራዊያ ማንንም ቀና ብላ ሳታይ ወረቀቶቹን አነሣች። እትዬ መይሙና አጠገብ ስትደርስ ቁጢጥ ብላ የመጀመሪያውን ቅጽ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

«እትዬ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?»

አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዋን ዳሰሱ።

«እስክሪብቶሽ ቀለም አለው?» አሉ። «ነገሬ ረጅም ነው።»