አንድ ጊዜ ሲስቡት የሚፈታ ቋጠሮ

መካ፣ ጀርወል ሰፈር የምሠራበት ሆቴል አንሶላ የሚታጠበው ጅዳ ነው። አንሶላውን በሚያጥበው፣ ካራንቲና ሰፈር አጠገብ ባለው ልብስ ማጠቢያ እኔም ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከአንዱዓለም ጋር።

እንደሱ ያለ ሠራተኛ አላየሁም። ውኃ የጠጣውን አንሶላ ከማሽኑ እየጎተተ ሲያወጣ የሁለት ሰው ሥራ ይሠራ ነበር። ጣቶቹ በበረኪና ተሰነጣጥቀው ይደማሉ። የቆሸሸ አንሶላ ለይቼ የምሰጠውን ጆንያ ቋጠሮ ሲፈታ ፊቱ ሲጨማደድ አይቼ፣ አንድ ጊዜ ሲስቡት የሚፈታ ቋጠሮ መቋጠር ጀመርኩ። እሱም አንዴ ስቦ ፈታውና ቀና ብሎ አየኝ። የወደድኩት ያን ቀን ነው።

መካ፣ መንሱር ሰፈር የሚኖረው ወንድሜ ነገራችንን ሲሰማ መካ ሥራ ፈለገልኝ። ክርስቲያን መካ እንደማይገባ ያውቃል።

«በኛ በወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን ተጋብቶ ይኖር የለ?» አልኩት።

«እዚህ ወሎ አይደለም። ኻላስ፣ በቃ፣ ሀምዲያ።»

ልሄድ ስል አንዱዓለም «እዚያ በቀን ስንት አልጋ ታነጥፊያለሽ?» አለኝ።

«አርባ ይሆናል አሉ።»

«እንግዲያው አንሶላውን ወገብሽን በማያደክም መንገድ አጥፈዋለሁ። አብረን አገራችን እንግባ፣ ሀምዲያ። ከወንድምሽ እንዳላጣላሽ አልደውልም። ስትወስኚ የቆሸሸ አንሶላ የምትልኪበትን ጆንያ አፍ እንደ ድሮው ቋጥሪልኝ።»

ቃሉን ጠበቀ። ከጅዳ የሚመጣው አንሶላ ጫፉን ይዤ ሳራግፈው በራሱ አልጋው ላይ ይዘረጋል። ሰባት ወር ሙሉ እንዲህ ሆኖ መጣልኝ። እኔ ግን ጆንያውን እንደ ማንም ሰው ጠበቅ አድርጌ ቋጥሬ እመልሳለሁ። ወንድሜን ፈራሁ። የአንዱዓለም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ሊያልቅ እንደተቃረበ አውቃለሁ፤ ያሳድሰዋል እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አርባኛውን አልጋ አንጥፌ ስጨርስ ወገቤን እንዳላመመኝ ልብ አልኩ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ወርጄ ጆንያዎቹን ሁሉ እንደ ድሮው ቋጠርኳቸው።

ሰኞ የመጣው አንሶላ ሲራገፍ አልዘረጋ አለ።

አንሶላውን የሚያመላልሰውን ሹፌር አንዋርን «አንዱዓለም አሞታል እንዴ?» አልኩት።

«አልሰማሽም? ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ ወጥቶለት ሐሙስ አገሩ ገባ።»

«ምን አለ?»

«ምንም። ረቡዕ ከዚህ የወሰድኩትን ጆንያ አንድ በአንድ እያገላበጠ አየ። ከዚያ እጁን ታጥቦ ወጣ።»

በሁለት ቀን ቀደመኝ። ስልኩ ላይ ብደውል፣ ብደውል ዝግ ነው።

ዓመት ሆነው። አሁን አልጋ ሳነጥፍ ወገቤን ያመኛል። ጆንያውን ግን እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው የምቋጥረው። በሱ ቦታ የገባውን ሰው አላውቀውም፤ የሱም ጣት በበረኪና ይሰነጠቃል።