ነፋሱን ማን ዋጠው?

ትሕትና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው ከደብረ ወርቅ ወጣ ብሎ፣ ነጫጭ የነፋስ ተርባይኖች ከተተከሉበት ተረተር ሥር ነው። ልጆች፣ ትሕትና በተርባይኖቹ እንዴት እንደምትኮራ ብታዩ ትስቁ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር እጁን ጎትታ ታሳያለች። ከእነሱ ወዲህ መብራት ገብቷል፤ የጤና ኬላው የክትባት ማቀዝቀዣ ይሠራል፤ የቤተ ክርስቲያኑን ዛፎች በጭስ ያጠቆረው የናፍጣ ወፍጮም ቀርቷል። አባቷ እንዳላማውም እስከ ተርባይኖቹ እግር ድረስ እንደ ድሮው ያርሳል።

በጥር የተወቃው ጤፍ አውድማ ላይ ሆኖ ነፋስ ይጠብቅ ነበር። ያለ ነፋስ እህል ከገለባ አይለይማ። እንዳላማው ጎረቤት ሊያግዝ ነፋስ ወደማይደርስበት ገደል ሥር ሲወርድ፣ ነፋስ ከተነሳ ሮጣ እንድትጠራው አደራ አላት።

ትሕትና ግን ከጓደኛዋ ከሃኒ ጋር ገበጣ ጀመረች። ጨዋታው ጣማት። ነፋሱ መጣ፣ ገለባውን አነሳሳ፣ እሷ "አንድ ጊዜ ብቻ" ስትል አለፈ። አመሻሽ ላይ አባቷ ሲመጣ ደነገጠች።

"አባዬ፣ ነፋስ አልመጣም። ተርባይኖቹ ውጠውት ነው መሰለኝ" አለችው።

እንዳላማው አመናት፤ ለጎረቤትም አወራ። ክፉ አጋጣሚ ሆኖ ከዚያ ወዲያ ነፋሱ ጸጥ አለ፤ ጤፉን የሚያበላሽ ዝናብ ያዘለ ደመናም ያንዣብብ ጀመር። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ፣ ተርባይኖቹ መዞራቸውን ያቁሙልን ብሎ ወረዳ አቤት ሊል ተስማማ። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ሥራነሽ የሕፃናቱ ክትባትስ ብትል የሚሰማት ጠፋ።

ትሕትና ይህን ሁሉ ሰማች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ብትናገር ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ውርደት ነው። ተነስታ መሐል ገባች።

"አባቶቼ፣ ይቅር በሉኝ። ነፋሱ መጥቶ ነበር። ጨዋታ ይዞኝ አባዬን ሳልጠራው ቀርቼ ነው።"

ከዚያ እንዳላማው ተነስቶ፣ ሳያጣራ ያወራ እሱም ጥፋተኛ መሆኑን ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ። ወረዳ የመሄዱ ነገርም በዚያው ቀረ።

ማክሰኞ ነፋሱ ተመለሰ። ተርባይኖቹ ከላይ ይዞራሉ፤ ከታች መንደሩ በሙሉ የእህል ማዝሪያ ላይዳውን ይዞ መጥቶ የእንዳላማውን ጤፍ ያነፍሳል። አንዱ ሽማግሌ ቀና ብለው እነዚህ ተርባይኖች የአገር ኩራት ናቸው ቢሉ፣ እንዳላማው ልጁን ወደ ጎኑ ሳብ አደረጋት።

"ልክ ነው አባቴ፤ እኔ ግን ይበልጥ የምኮራው በዚች ነው" አለ።

ልጆቼ፣ ጥፋታችንን በሌላ ብናሳብብ ብዙ ሰው እንጎዳለን፤ እውነቱን ብንናገር ግን እግዚአብሔር ይቅር ይለናል፣ ወላጆቻችንም ይኮሩብናል።