ተውፊቅ በቀጥታ ስርጭት

«ያ ረብ፣ ዛሬ ብቻ ከህረባውን አጥፋልን» አለች ዛሂራ፣ ከንፈሯን እምብዛም ሳታንቀሳቅስ።

ሐምዲያ ሰማቻት። ሁለቱ ጓደኛሞች ኢትዮጵያውያን በሚበዙበት የካርቱም ሰፈር፣ ሳጃና ውስጥ፣ ጋሽ በቀለ ሻይ ቤት፣ ጥግ ላይ ባሉት የፕላስቲክ ወንበሮች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። በነሐሴ ካርቱም ውስጥ ከህረባ የሚሉት መብራት ሳይጠፋ የሚያልፍ ቀን የለም። ሌላ ጊዜ ኳሱ ሊያልቅ ሲል፣ ሩዙ ሊበስል ሲል ድርግም ይላል። ዛሬ ግን ማራገቢያው እየተንጫጫ ይሽከረከራል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ትልቁ ቴሌቪዥንም ቦግ ብሎ በርቷል።

ቴሌቪዥኑ ሰፊ ክብ አዳራሽ ያሳያል። አውሮፓ ውስጥ በየበጋው ከሚካሄድ የክላሲካል ሙዚቃ ፌስቲቫል በቀጥታ የሚተላለፍ ኮንሰርት ነው። ጥቁር የለበሱ ሙዚቀኞች ተራ በተራ እየገቡ ወንበራቸውን ይይዛሉ፤ መሣሪያቸውን ይቃኛሉ።

«ጋሽ በቀለ፣ ኳሱስ?» አለ ምስጋናው ከኋላ። ከቀን ሥራ በቀጥታ የመጣ ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ላይ የደረቀ ሲሚንቶ አለ።

«ኳስ በየሳምንቱ አለ» አለው ጋሽ በቀለ ብርጭቆ እያለቀለቀ። «የሰፈራችን ልጅ እንዲህ ያለ ቦታ ሲጫወት ግን በየሳምንቱ አይታይም። አርፈህ ሻይህን ጠጣ።»

«የምራችሁን ነው እንዴ? ተውፊቅ? ያ ሰርግ ላይ ከመንጃ ሲጫወት የነበረው?»

«እሱ ራሱ።»

ዛሂራ የሐምዲያን እጅ ጨብጣ ያዘች። መዳፏ በላብ ርሷል።

ተውፊቅ የዛሂራ ታላቅ ወንድም ነው። ሱዳኖቹ ከመንጃ የሚሉትን ቫዮሊን ጎረቤታቸው ከነበሩ አንድ ሽማግሌ ሙዚቀኛ ተምሮ፣ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር ሰርጎች ላይ ከሱዳን ባንዶች ጋር ይጫወት ነበር። ባለፈው ክረምት ማለቂያ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሊቢያ ሄደ። ኩፍራ ከምትባለው የበረሃ ከተማ አንድ ጊዜ ደወለ፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራው እናቱ ጀሚላ ምግብ አልወርድ አላት። ከሥራ መጥታ ልብሷን ሳትቀይር አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትላለች። ሲያነጋግሯት አትሰማም።

ታዲያ አንድ ጠዋት ዛሂራ «ተውፊቅ መልእክት ላከልኝ፣ ተሻግሯል» አለቻት። ያን ቀን ጀሚላ በላች። በማግስቱ ጥያቄው ተጀመረ። የት አገር ነው? ለምን አይደውልልኝም? ምን እየሠራ ይኖራል? ዛሂራ ለሁሉም መልስ ፈጠረች። የመጨረሻውን ስትመልስ ስልኳ ላይ ያየችው የፌስቲቫል ፎቶ ትዝ አላትና «ኦርኬስትራ ውስጥ ቫዮሊን ይጫወታል» ብላ የኦርኬስትራውን ስም ጠራች። ጀሚላ ስሙን በልቧ ይዛ ለማዳሟ ነገረቻት። ማዳሟም ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ፣ «እንግዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በቀጥታ ይተላለፋል፤ ልጅሽን ታዪዋለሽ» አለቻት። ጀሚላ ደስታውን ብቻዋን መሸከም አልቻለችም። ሰፈሩን በሙሉ ጠራች።

ውሸቱን የምታውቀው ሐምዲያ ብቻ ናት። ዛሂራ ከትናንት ወዲያ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ እያለቀሰች ነገረቻትና «ለማንም እንዳትነግሪ፣ ወላሂ በይ» አለቻት። ሐምዲያም ወላሂ አለች።

አሁን ጀሚላ ከፊት፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጣለች። ለበዓል ብቻ የምትከናነበውን ሰማያዊ ቶብ ተከናንባለች። ከበሩ አጠገብ ደግሞ ጋሽ ከቢር ካርካዴውን ይጠጣል፤ እግሩ ሥር የጉዞ ቦርሳ አለ። የገዛ ልጁ በዚያው የሊቢያ መንገድ ከጠፋ ወዲህ፣ በየጊዜው እስከ ኩፍራ እየሄደ የጠፉ ልጆችን ያፈላልጋል። ልጁን አላገኘም፤ የሌሎችን ግን አግኝቶ ያውቃል። ዛሬ ማታ ኦምዱርማን ካለው፣ ሱቅ ሊቢያ ከሚባለው ገበያ በሚነሳ መኪና ይሄዳል። ሲገባ ከእናቶቹ የጠፉ ልጆቻቸውን ፎቶ በስልኩ እየተቀበለ ነበር። ተራው ጀሚላ ጋ ሲደርስ ፈገግ ብላ «የኔስ ተሻግሯል፣ አልሐምዱሊላህ። አንተ የሌሎቹን ፈልግ» አለችው።

ሐምዲያ ይህን ስትሰማ የጋሽ ከቢርን ቦርሳ አየች። ውሸቱ እስካሁን ማንንም የማይጎዳ መስሏት ነበር።

መብራቱ ድርግም አለ።

ማራገቢያው ቀስ እያለ ቆመ፤ ሻይ ቤቱ ውስጥ የሰዎች ማጉረምረም ተሰማ። ዛሂራ ዓይኖቿን ጨፍና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «ኸላስ» አለች በሹክሹክታ። «አለቀ፣ ተገላገልኩ።»

«ማንም እንዳይነሳ» አለ ጋሽ በቀለ። በጓሮ በር ወጣ። የጄኔሬተሩ ገመድ ሲሳብ ተሰማ፤ አልተነሳም። እንደገና ተሳበ፤ አሁንም አልተነሳም። ዛሂራ የሐምዲያን ጣቶች እስኪያማት ድረስ ጨመቀቻቸው። ከዚያ ጄኔሬተሩ አጓርቶ ተነሳና የቴሌቪዥኑ መስታወት በራ። የሙዚቀኞቹ መሪ ገብቶ፣ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ፣ ቀጭን ዘንጉን ወደ ላይ አነሳ።

ሐምዲያ እንዲህ ያለ ሙዚቃ ቁጭ ብላ ሰምታ አታውቅም። መጀመሪያ ትልልቆቹ ቫዮሊኖች ብቻ ከሩቅ እንደሚመጣ መኪና ዝቅ ብለው አጉረመረሙ። ከዚያ ሌሎቹ እየተቀላቀሉ፣ ድምፁ እያደገ፣ ጄኔሬተሩን ዋጠው። ኳስ ይሉ የነበሩት ልጆች እንኳ ዝም አሉ። ካሜራው ከአንዱ ሙዚቀኛ ወደ ሌላው ይዘላል። ጀሚላ አንገቷን አስግጋ፣ እያንዳንዱን ፊት እየመረመረች ትከተለዋለች።

«ስሚ» አለች ዛሂራ ጆሮዋ ሥር። «ጥቁር ልጅ ካየሁ እሱ ነው እላለሁ። አንቺም አዎ በይ። ከሩቅ አይለይም።»

«እናቱ እኮ ናት፣ ዛሂራ።»

«አታካብጂ በናትሽ። አዎ ማለት ብቻ ነው።»

ካሜራው ወደ ኋላ ርቆ ሁሉንም አሳየ። ከቫዮሊኖቹ ኋለኛ ረድፍ ላይ አንድ ቀጭን ጥቁር ወጣት ጎንበስ ብሎ ይጫወታል።

«ያውና» አለች ዛሂራ ብድግ ብላ። «እማ፣ ያውና ከኋላ።»

ሻይ ቤቱ ተናወጠ። ምስጋናው ጠረጴዛ ደበደበ፣ አንዱ አፏጨ፣ ጋሽ በቀለ እጁን በፎጣ እየጠረገ ወደ ፊት መጣ። ጀሚላ ተነስታ ቆማ ነበር። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ፈዛ ቀረች። ካሜራው ግን ወዲያው ዋሽንት ወደምትነፋ ሴት ሄደ።

ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ። አሁን ከሩቅ አልነበረም። የወጣቱ ፊት መስታወቱን ሞላው፤ ሰፊ ግንባር፣ አጭር ጢም፣ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው አይቀርም። ጭብጨባው እየቀዘቀዘ ሄዶ ቆመ።

«አውሮፓ እንዲህ ያስረጃል እንዴ?» አለ ምስጋናው። ማንም አልሳቀም።

«ከስቶ ነው» አለች ዛሂራ። ድምፏ ተሰነጠቀ። «ብርዱ ነው። ጢምም አሳድጓል።»

ጀሚላ ወንበሯን በእጇ ዳብሳ ተቀመጠች።

ጋሽ ከቢር ቦርሳውን አነሳ። ምናልባት ከበሩ አጠገብ ሆኖ መስታወቱ በደንብ አልታየውም፤ ምናልባትም አይቶ ዝም ማለት መርጧል። «ያላ፣ እኔ ልነሳ። ነገ ሰልፍ ስላለ ወደ ኦምዱርማን የሚያሻግሩትን ድልድዮች ከዛሬ ማታ ጀምሮ ሊዘጉ ይችላሉ አሉ። ጀሚላ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» ብሎ ወጣ።

ሐምዲያ ከዛሂራ እጅ ጣቶቿን አላቀቀች።

«ወዴት ነው?»

«መጣሁ።»

ውጭው ሙቀት እንደ ምድጃ አፍ ፊቷን መታት። ጋሽ ከቢር እዚህ ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ አስቁሞ ቦርሳውን እየጫነ ነበር። ሐምዲያ ስልኳን አውጥታ ተውፊቅ ከመሄዱ በፊት በዒድ የተነሱትን ፎቶ ፈልጋ አገኘች። እሱ መሃል ሆኖ፣ ቫዮሊኑን አገጩ ሥር አድርጎ ይስቃል።

«ጋሽ ከቢር፣ ይሄን ፎቶ ልላክልዎት?»

ስልኩን ተቀብሎ ከፀሐዩ በእጁ ከልሎ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ሻይ ቤቱ በር ተመለከተ። «ይሄ የጀሚላ ልጅ አይደለም?»

ሐምዲያ መሬት መሬት አየች።

«እሺ» አለ ቀስ ብሎ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቃትም። «ስሚኝ የኔ ልጅ፣ ፎቶ ብቻውን አይረዳኝም። ኩፍራ ውስጥ ስንት ቦታ ነው ሰው የሚታጎረው። መቼ ደወለ፣ ከየት ደወለ፣ የወሰዳቸው ደላላ ማን ይባላል፤ ይሄን ካልያዝኩ በር አንኳኩቼ መመለስ ነው። ቤተሰቡ ይንገረኝ።»

«እርስዎ አሁን ይሄዳሉ?»

ወደ ረክሻው ሹፌር ዞሮ በዓረብኛ አንድ ነገር አለው። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። «ትንሽ እጠብቃለሁ» አለ ጋሽ ከቢር። «ብዙ ግን አልችልም፤ መኪናው ጥሎኝ ይሄዳል።»

ስትመለስ ሙዚቃው ተለውጧል። ቀርፋፋና ስስ ሆኗል፤ ቫዮሊኖቹ ብቻ በጣም በዝግታ ይጫወታሉ። ሻይ ቤቱ ውስጥ የብርጭቆ ድምፅ እንኳ አልነበረም። ሐምዲያ ዛሂራ አጠገብ ተቀመጠች።

«ጋሽ ከቢር ውጭ እየጠበቀ ነው። ንገሪያት።»

«ምን ነካሽ? ወላሂ ብለሻል እኮ።»

«ብያለሁ።»

«ትሞትብኛለች፣ ሐምዲያ። አላየሻትም ያኔ? እንደገና እንደዚያ ትሆናለች።» የዛሂራ ዓይኖች ሞሉ። «ሌላ ጊዜ እነግራታለሁ። ሰው በሌለበት።»

«ጋሽ ከቢር ሌላ ጊዜ የለም።»

ዛሂራ ራሷን ነቀነቀች፤ እምቢ ነው። ከመጀመሪያ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። ሐምዲያ ሌላ ጓደኛ የላትም፤ ፈልጋም አታውቅም።

ያን ጊዜ ጀሚላ ወደ እነሱ ዞረች። ፊቷ የተረጋጋ ነበር፤ ከሩቅ ላያት ሙዚቃውን የምታዳምጥ ትመስላለች። ልጇን አላየችም። ሐምዲያን ነበር ያየችው።

«ሐምዲያ፣ ነይ እስቲ የኔ ልጅ።»

ሐምዲያ ተነስታ ሄደችና ከወንበሩ አጠገብ ቁጢጥ አለች። የሰው ሁሉ ዓይን ጀርባዋ ላይ እንዳለ ተሰማት።

«አንቺ ታውቂዋለሽ፣ አብራችሁ ነው ያደጋችሁት» አለች ጀሚላ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ያ ልጅ ተውፊቅ ነው?»

ሐምዲያ ወደ ኋላ መዞር ፈለገች፤ አልዞረችም። አዎ የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ቀላልና አጭር። ከበሩ ውጭ የረክሻው ጥላ መሬቱ ላይ ይታያል።

«አይደለም፣ ኻልቲ ጀሚላ» አለች። «ተውፊቅ አልተሻገረም። የት እንዳለ አናውቅም። ጋሽ ከቢር እየጠበቀሽ ነው።»

ጀሚላ የሐምዲያን ራስ በመዳፏ ነካ አደረገች፤ የቶቧን ጫፍ ትከሻዋ ላይ መልሳ፣ ተነስታ ወጣች። አልወደቀችም፣ አልጮኸችም። ሰዎቹ እግራቸውን እየሰበሰቡ መንገድ ለቀቁላት።

ሐምዲያ ወደ ቦታዋ ስትመለስ ዛሂራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።

«ከዳሽኝ።»

«አዎ» አለች ሐምዲያ።

በተከፈተው በር የጋሽ ከቢር ጥያቄ ይሰማል። መጨረሻ የደወለው መቼ ነበር? «አላውቅም» አለች ጀሚላ። ደላላው ማን ይባላል? «አላውቅም።» አብረውት ማን ነበሩ? «አላውቅም፣ አልነገሩኝም።» እያንዳንዱ አላውቅም ከፊተኛው ይልቅ እየሳሳ ሄደ።

ዛሂራ ጆሮዋን በእጇ ሸፈነች። «እኔ ጋ ነው የደወለው» አለች ለግድግዳው። «ሁለተኛ ጊዜ ደውሎ ነበር። መጋዘን ውስጥ ዘግተውብናል አለኝ። ለእማ እንዳትነግሪያት፣ ማይልኝ አለኝ። ማልኩለት። ከዚያ ተቋረጠ።»

ሐምዲያ ደነገጠች። ይህን እሷም አታውቅም ነበር። ይህን ሁሉ ወር ዛሂራ ብቻዋን ይዛው ኖራለች፤ ዴስኩ ላይ አጠገቧ ተቀምጣ፣ የቤት ሥራ እየተዋሰች።

«ቁጥሩ አለሽ?»

«አለኝ።»

ከዚያ በላይ አልጠየቀቻትም፤ አልገፋቻትምም። ጋሽ በቀለ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ይዞ «ኳሱን ላድርግላችሁ?» አለ። ምስጋናው እጁን አወዛወዘ። «ተወው ጋሼ። ይጨርሱ።»

ውጭ የረክሻው ሞተር ተነሳ። ዛሂራ እጇን ከጆሮዋ አውርዳ፣ ስልኳን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ በወንበሮቹ መሃል እየተጋጨች ወደ በሩ ሮጠች። ደፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። ዞር ብላ ሐምዲያን አየቻት፤ ዓይኗ ላይ ቁጣው ገና አልጠፋም።

«አብረሽኝ ነይ» አለቻት።

ሐምዲያ ተነሳች።