ቀትር ላይ ማን አገላበጣቸው?

ይህ የሆነ ነገር ነው። ማመን ቢከብዳችሁ አልፈርድባችሁም... እኔም መጀመሪያ ስሰማው መሬት መሬት ነበር የማየው።

የነገረችኝ ሴት ሸጊቱ ትባላለች። ዛሬ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የልጅ ልጅ ያየች፣ ሰፈሩ የሚያከብራት ሴት ናት። ይህን ነገር ስታወራ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። አትጨምርም፣ አትቀንስም።

ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው፣ ያ የረሃብ ዓመት። ቦታው ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ ጥቁር አፈር ሜዳ ላይ የተተከለ የስደተኞች መጠለያ።

ሰዓቱ ደግሞ... ሌሊት እንዳይመስላችሁ።

ቀትር ነው። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ የሰው ጥላ እግሩ ሥር ሲገባ።

ሸጊቱ ያኔ ገና ወጣት ነበረች። ከአርማጭሆ በረሃ ተነሥታ በመተማ በኩል ድንበር የተሻገረችው ከታላቅ እህቷ ከውባየሁ ጋር ነው። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገቻት ውባየሁ ነበረች። መንገድ ላይ ውባየሁ የራሷን ድርሻ ቆሎ "ጥርሴን አመመኝ" እያለች ለታናሿ ትሰጥ ነበር።

ሸጊቱ መጠለያው በእግሯ ደረሰች።

ውባየሁ ግን በሰው ሸክም።

ውባየሁን የደካሞች ድንኳን ውስጥ አስተኟት። ረጅም የሸራ ድንኳን ነው፤ በሩ አንድ ብቻ። በሽተኞቹ በገመድ በተጠለፈ የሱዳን አልጋ፣ አንገረብ በሚሉት ላይ በሁለት ረድፍ ይተኛሉ። ሸጊቱ ከእህቷ እግር ሥር አልነሣም አለች። ሲያስወጧት ትመለሳለች፤ ሲመልሷት ታለቅሳለች።

የድንኳኑ ነርስ ሲስተር ባሕሪያ ነበረች። አባትና እናቷ የጎንደር ነጋዴዎች፣ እሷ ግን ገዳሪፍ ተወልዳ ገዳሪፍ ያደገች፤ አማርኛዋ ውስጥ ዓረብኛ ጣል ጣል የምታደርግ፣ ቆፍጣና ሴት።

አንድ ጧት መጥታ ከላይዋ ቆመች።

"ቁጭ ብለሽ ከምታለቅሺ ሥራ ተማሪ። እኔ እጅ አጥሮኛል።"

"ምንም አላውቅም እኮ፣ ሲስተር።"

"ማንም ሲወለድ አያውቅም። ተዓሊ፣ ነይ።"

አስተማረቻት። በሽተኛ ከመንካቷ በፊት እጇን በቀይ ሳሙና እስከ ክንዷ እንድትታጠብ። የእጅ አንጓ ይዛ የደም ሥር ትርታ እንድታዳምጥ። አጥሚት ስታጎርስ ጭንቅላት ቀና አድርጋ፣ በማንኪያ ጫፍ፣ መዋጡን እያየች እንድትሰጥ። የደረቀ ከንፈር በእርጥብ ጥጥ እንድታርስ።

ከሁሉም በላይ ግን ማገላበጥ።

"ሥጋ ያለቀበት ሰው ባንድ ጎኑ ዝም ብሎ ከተኛ አጥንቱ ቆዳውን ይበሳዋል" አለቻት ባሕሪያ። "ጥላ በዞረ ቁጥር አንቺም አዙሪያቸው። ጨርቅ ጠቅልለሽ ከጀርባቸው ደግፊ። ሌላ ጨርቅ በጉልበታቸው መሐል አድርጊ። ደግሞ ሳትናገሪ ማንንም አትንኪ። ስምሽን ንገሪው፣ ምን ልታደርጊው እንደሆነም ንገሪው። ዓይኑ ባያይ ጆሮው ይሰማል። ፋህማ?"

"ገብቶኛል።"

እናም ሸጊቱ ቀኑን ሙሉ ካልጋ አልጋ ትሄዳለች። "ሸጊቱ ነኝ። ላገላብጥዎ ነው።" "ሸጊቱ ነኝ። አፍሽን ላርስልሽ ነው።"

ሰው ግን ይሞት ነበር። የቱንም ያህል ብታገላብጥ፣ የቱንም ያህል በማንኪያ ብትለምን... ይሞት ነበር። ምሽት ላይ በሸማ ጠቅልለው ያወጡታል፤ ጧት አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቶ ታገኛለች።

ቀትር ላይ ሙቀቱ ስለማይቻል ሠራተኛ ሁሉ የውኃ ታንከሩ ጥላ ሥር ገብቶ ጥቂት ያርፋል። ሲስተር ባሕሪያም ለሶላት ትሄዳለች። በሩ ላይ የሚቀረው ዘበኛው ኸሊል ብቻ ነው።

አንድ ቀን ሸጊቱ ከዕረፍት ተመልሳ እጇን ታጥባ ገባች። አያ ደጉ የሚባሉትን ሽማግሌ ልታገላብጥ ጎንበስ አለች።

ተገላብጠዋል።

እሷ በቀኝ ጎናቸው ነበር ያስተኛቻቸው። አሁን በግራቸው ናቸው። ጨርቁ ከጀርባቸው ተጠቅልሎ ገብቷል። ከንፈራቸው ረጥቧል።

ሲስተር ባሕሪያ ናት ብላ አለፈች። ሌሎችም ሁለት ሦስት በሽተኞች ተገላብጠዋል። ሁሉም ፊታቸው ወደ ምዕራብ።

ባሕሪያ ስትመለስ አየቻቸው።

"ጎበዝ። ጨርቁን አሁን ነው በደንብ ያስገባሽው።"

ሸጊቱ ግራ ገባት፤ ጨርቁን ያስገባችው እሷ አይደለችም። እሷም ባሕሪያም ካልሆኑ ማን ነው? አንዱ ዘመድ ይሆናል ብላ ተወችው።

አያ ደጉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞቱ።

የተገላበጡት ሁሉ... ፀሐይ ሳትጠልቅ።

በማግሥቱ ደግሞ ሣህሊቱ ነበረች። ልጇን መንገድ ላይ ቀብራ የመጣች፣ ከመጣች ጀምሮ ቃል ያልወጣት ሴት። ሸጊቱ ከዕረፍት ስትመለስ ሣህሊቱ ፊቷን ወደ ምዕራብ አድርጋ ተኝታለች። ጨርቁ ከጀርባዋ አለ።

ዓይኗ ተከፈተ።

"ቅድም ያልሽኝን ድገሚልኝ" አለች በሹክሹክታ።

ሸጊቱ ደነገጠች። "ምን አልኩሽ?"

"ደርሰናል አልሽኝ።"

"እኔ ነኝ ያልኩሽ?"

"ስምሽን ነገርሽኝ እኮ። ሸጊቱ ነኝ አልሽኝ።" ሣህሊቱ ፈገግ ልትል ሞከረች። "እጅሽ ደግሞ... ደስ ሲል ቅዝቃዜው።"

ሸጊቱ እጇን አየች። በዚያ ሙቀት፣ እንኳን የሰው እጅ የእንስራ ውኃም ይፋጃል። መዳፏን ጉንጯ ላይ አደረገችው።

ትኩስ ነበር።

ሮጣ ወጣች። ኸሊል ደጃፉ ላይ ዱላውን አቅፎ ተቀምጧል።

"አባ ኸሊል፣ ቀትር ላይ ማነው የገባው?"

"ማንም።"

"ሰው ገብቷል። በሽተኞቹን ነክቷል።"

"ካንቺ በቀር ማንም አልገባም አልኩሽ።"

"እኔ መቼ ገባሁ? እኔ ታንከሩ ሥር ነበርኩ።"

ኸሊል ቀና ብሎ አያት። "ምን ነካሽ ልጄ? ታጥበሽ፣ እጅሽ ውኃ እያንጠባጠበ ገባሽ። ሰላም ብዬሽ ዝም አልሽኝ።"

"ከዚያ ስወጣስ አዩኝ?"

ኸሊል ከተቀመጠበት ተነሣ። ወደ ድንኳኑ ውስጥ አየ። ከዚያ እሷን አየ። እንደገና ወደ ውስጥ አየ።

"...ሁለቴ ገባሽ። በመሐሉ አልወጣሽም" አለ።

በማግሥቱ ኸሊል ሥራውን ትቶ ወደ ገዳሪፍ ሄደ። ለምን እንደሄደ ለማንም አልተናገረም።

ሸጊቱ ለባሕሪያ ነገረቻት። ባሕሪያ እስክትጨርስ አዳመጠቻት፤ ከዚያ የእጅ አንጓዋን ይዛ ትርታዋን ቆጠረች።

"ፀሐይ መትቶሻል። እንቅልፍም የለሽም።"

"ሣህሊቱ ራሷ ናት የነገረችኝ።"

"ሣህሊቱ ሞታለች።"

"አውቃለሁ። ከመሞቷ በፊት ነው የነገረችኝ።"

ባሕሪያ ጓንቷን አውልቃ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሸጊቱ እሷን ተቀምጣ ስታያት የመጀመሪያዋ ነበር። ፊቷ በአንድ ጊዜ ያረጀ መሰለ።

"ስሚኝ" አለች ቀስ ብላ። "እኔ የምሰጣቸው ነገር የለኝም። ጉሉኮሱ አልቋል። መኪናው ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ይሉኛል። ያለን እጃችን ነው። ማንም ይሁን የሚያገላብጣቸው... አላህ ይስጠው።"

"እህቴ እዚያ ውስጥ ናት፣ ሲስተር።"

ባሕሪያ ጓንቷን መልሳ አጠለቀች።

ሸጊቱ እህቷን ከድንኳኑ ላውጣት ብላ ለመነች። ግን የት ትወስዳታለች? ውጭ ያለው የሣር ዳስና የሚያቃጥል ነፋስ ነው። ውባየሁ ደግሞ የዚያን ሰሞን ተሽሏት ነበር። አጥሚት መዋጥ ጀምራለች። "ትንሽ ጨው ጎደለው" እስከማለት ደርሳለች።

ስለዚህ ሸጊቱ ወሰነች። ቀትር ላይ አልወጣም። ካጠገቧ አልነቃነቅም።

ሁሉም ሊያርፉ ሲወጡ እሷ እጇን ታጥባ የውባየሁ አልጋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። የእህቷን እጅ ያዘች። ትርታው ደካማ ነው፤ ግን አለ።

ድንኳኑ ውስጥ ከዝንብ በቀር ድምፅ አልነበረም። ሸራው እንኳ አይንቀሳቀስም።

ከዚያ... ዝንቦቹ ዝም አሉ።

ሸጊቱ ይህን ስትናገር ሁልጊዜ እዚህ ላይ ታቆማለች። ያ ድንኳን ዝንብ የሌለበት ጊዜ አልነበረውም ትላለች። ድምፃቸው ሲጠፋ ጆሮዋ የደነቆረ መሰላት።

የሳሙና ሽታ መጣ። ትኩስ፣ እርጥብ ሳሙና።

ከወዲያ ጥግ አንድ አልጋ ሲጢጥ አለ።

ቀና ብላ አየች። ጥግ ላይ የተኙት ሴትዮ ቀስ ብለው በጎናቸው ተገላበጡ። ለሳምንታት ጣታቸውን ማንቀሳቀስ ያቃታቸው ሴት። እግርጌያቸው የነበረው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከጀርባቸው ገባ።

ማንም የለም።

ቀጣዩ አልጋ ሲጢጥ አለ።

በሁለቱ ረድፍ መሐል አፈሩ ላይ የውኃ ጠብታ ወደቀ። አንድ... ከዚያ ሌላ፣ ትንሽ ቀረብ ብሎ። አንድ ሰው እጁን ታጥቦ ሳያደርቅ ሲሄድ እንደሚያንጠባጥበው።

ሸጊቱ የእህቷን እጅ አጥብቃ ያዘች።

ጠብታው ከውባየሁ አልጋ ራስጌ ደርሶ ቆመ።

ውባየሁ ዓይኗን ገለጠች።

"ሸጊቱ..."

"አቤት እታለም። ይኸው አለሁ። እጅሽን ይዤሻለሁ።"

የውባየሁ ዓይን ከእህቷ ትከሻ በላይ ነበር።

"አንቺን አይደለም" አለች።

የታመመ ሰው ከተኛበት ሲያነሡት ሁለት እጁን የሚያነሣው ሰው አንገት ላይ ያጠላልፋል። እንዲያ ሲሆን ሸክሙም ይቀላል፣ ሕመሙም ይቀንሳል። ሸጊቱ ራሷ ነበረች ይህን ለበሽተኞቹ የምታስለምዳቸው።

ውባየሁ እጇን ከሸጊቱ እጅ አላቀቀች። ማንኪያ ማንሣት ያቃተው ክንዷ ወደ ላይ ወጣ። ሁለቱም ክንዶቿ ወጡ። አየር ላይ ተጠላለፉ... ክብ ሠርተው፣ የሆነ አንገት ያቀፉ ይመስል።

ጀርባዋ ከገመዱ ተነሣ።

ሸጊቱ ዘላ ወገቧን ያዘቻት። ወደ ራሷ ጎተተቻት። ከወዲያ በኩል ማንም አልጎተተም። የተያዘ ሰው ክብደት ብቻ ነበር፤ በእርጋታ፣ በጥንቃቄ የተያዘ ሰው።

"እታለም፣ እኔን ያዢኝ። እባክሽ እኔን ያዢኝ።"

"ተዪኝ ሸጊቱ" አለች ውባየሁ። "ያንቺ ያማል።"

ይህን ስትነግረኝ ሸጊቱ መዳፎቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታያቸው ነበር። የምችለውን ሁሉ አድርጌ ነበር አለችኝ። የተማርኩትን ሁሉ። ግን ታላቄ ናት፤ ተዪኝ ስትለኝ ምን ላድርግ?

ለቀቀቻት።

ውባየሁ ቀስ ብላ በግራ ጎኗ ተኛች። ጨርቁ ከጀርባዋ ገባ። ሌላው በጉልበቶቿ መሐል። ከንፈሯ ሸጊቱ እያየች ረጠበ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሸጊቱ ካጠገቧ አልተለየችም። አጥሚት አመጣች፤ ውባየሁ ከንፈሯን ገጠመች። ስሟን ጠራቻት፤ አልመለሰችም። ትርታዋን ይዛ ቆየች... እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ፀሐይ አድማሱን ሳትነካ ጣቷ ሥር ምንም አልቀረም።

ሲስተር ባሕሪያ መጥታ ዓይኗን ዘጋችላት። ከዚያ ውኃና ሳሙና አመጣች። ሁለቱ ሆነው አጠቧት።

ሸጊቱ ከዚያ በኋላም ድንኳኑን አልተወችም። ሌላ ሰው አልነበረማ። ቀትር ሲሆን ግን ትወጣና ጀርባዋን ለድንኳኑ ሰጥታ ትቀመጣለች። ስትመለስ የተገላበጡትን ታያለች። ያንን አልጋ አልፋ ወደ ቀጣዩ ትሄዳለች። ምን ታድርግ?

ክረምቱ ሲቃረብ መኪኖቹ መጡ። በሽተኞቹን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱ፤ ሠራተኞችም ድንኳኑን ነቀሉት። ሸራው ሲወርድ አንገረቦቹ በሁለት ረድፍ ባዶ ሜዳ ላይ ቀሩ። ጨርቅ የላቸውም፣ ሰው የላቸውም። ገመድና እንጨት ብቻ።

ሸጊቱ የመጨረሻው መኪና ላይ ተሳፍራ ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሣ ወደ ኋላ ዞር አለች።

ፀሐይ አናት ላይ ነበረች።

በወዲያኛው ጫፍ ያለው አልጋ ገመዱ ወደ ታች ረገበ፤ ሰው ጠርዙ ላይ ሲቀመጥ እንደሚረግበው። ጥቂት ቆየ።

ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሣ...

ቀጥሎ ያለው ረገበ።